ዝም የተባለባት ቦታ

እስቲ ፍርድ እናውቃለን የምትሉ ጠጋ በሉ። በአንድ ወቅት ደሴ ከተማ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቁ መንበሩ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ነፍሱ ያለችው ግን ዜማ ላይ ነው። ፀጉሩ እስኪሸብት ሲያንጎራጉር ኖሮ አንድም ዜማ በስሙ አልተዘፈነለትም። ይህ ያንገበግበው ነበር።

ሦስቱንም ያስተማሯቸው መምህርት ትርንጎ ሲያርፉ፣ መንበሩ በአንቺሆዬ ቅኝት የስንብት ዜማ ደረሰላቸው። መሐሉ ላይ ከፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል የምትወድቅ አንዲት ድምፅ አለች። ባዜማት ቁጥር ሆዱ ይባባል። «ዜማዬ እሷ ናት፤ ሌላው አጃቢ ነው» ይላል።

እህቱ አስካለ በኮምፒውተር ኖታውን ልትጽፍለት ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ለጀማሪ በነፃ የሚሰጠው ነው፤ ፒያኖ ከሚያውቀው ድምፅ ውጭ ወይ ፍንክች! ያቺን ድምፅ ከፍ ስታደርጋት ላይኛው ቁልፍ ላይ ትወጣለች፣ ዝቅ ስታደርጋት ታችኛው ላይ ትወርዳለች። ተቀራራቢዋን ጽፎ መገላገል ይቻል ነበር። አስካለ ግን «ውሸት ከምጽፍ ባዶ ልተወው» ብላ በቦታዋ የዝምታ ምልክት አስቀመጠች። የመታሰቢያቸው ቀን ደርሶ ስለነበር መንበሩን ሳታማክር ለታናሽ ወንድማቸው ላከችው።

ታናሹ ጥጋቡ መምህርት ትርንጎ ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ያሠለጥናል። ኮምፒውተሩ ዜማውን ሲያሰማ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ቲቸር፣ ተበላሸ እንዴ?» አሉት ልጆቹ።

አንድ ነገር እንደጎደለ ገብቶታል። ደውሎ መጠየቅም ይችል ነበር፤ አልጠየቀም። «የእትዬ ትርንጎ ወንበርም ባዶ ነው፤ ዝም በሉበት» አላቸው። ጭራሽ ዝምታውን አስረዘመው።

በመታሰቢያው ዕለት መንበሩ ሱፉን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ልጆቹ እያዜሙ ያቺ ድምፅ ልትመጣ ስትል ጆሮውን አቀና። አልመጣችም። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያማ ሕዝቡ በሙሉ ተነፋረቀ። መንበሩ ብቻ አላለቀሰም፤ በግኗል።

«የዜማዬን ልብ አውጥታችሁ ጣላችሁት!» አላቸው ወንድምና እህቱን።

ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው ደስታቸውን አልቻሉትም። «በየዓመቱ ይዘመራል፤ ልክ እንደዛሬው፣ ዝምታውም ሳይነካ! የደራሲውን ስም ጽፋችሁ ስጡኝ» አሉ።

ሦስቱ ኮምፒውተሩን ከበቡ። ያ ፕሮግራም ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ ለደራሲ ከአንድ ስም በላይ አይቀበልም!

«ዋሽቼ ብጽፈው ኖሮ ማን ያለቅስ ነበር?» አለች አስካለ።

«ባዶ ወረቀት ብቻውን ያስለቅሳል እንዴ? ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ» አለ ጥጋቡ።

«ዜማዬ ባይኖርስ? ዝም ያለ ሰው መች ጠፋ!» አለ መንበሩ።

እንዲህ ብሎ ስሙን ሊጽፍ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ይኸው እጁ ገብቷል። ግን ሕዝቡ ያለቀሰው እሱ ባልደረሳት ቦታ ላይ ነው፤ የደረሳትን ድምፅ ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ አልሰማትም። ጣቱ እዚያው ቀረ።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ በዚያች በአንዷ ቦታ ላይ የማን ስም ይጻፍ?