የደምሰው ፔጆ ቺንጋ

እኛ ድሬዎች፣ ሰው አዲስ ነገር መርጦ «ከድሮው እኮ ይሻላል!» እያለ ሲኩራራብን፣ አንዲት አባባል ጣል እናደርግበታለን። ብዙ ሰው የጥንት አባቶች ተረት ትመስለዋለች። አንድ አስተማሪማ በቀደም ዕለት ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ከሌላ አገር የመጣች ናት ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ። አቦ ተወኝ! ስትወለድ እዚያው ነበርኩ። ጋቢዬ ሲሚንቶ ለብሶ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማኋት።

ነገሩ የጀመረው በጓደኛዬ በደምሰው ፔጆ ነው። ደምሰው በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ በጠባይ ግን አሥር ዓመት ያንሰኛል። 404 ፔጆውን የወረሳት ከአባቱ ነው። ድሬ ውስጥ ፔጆ ታክሲ ሞልቷል፤ የእሱ ግን በዓመት በዓል ካልሆነ ከግቢ አትወጣም። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው፣ ሐረር የምትኖር ትርንጎ የምትባል ሴት ወደደ። ትርንጎ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች፣ ሳቂታ፣ ወርቅ የሆነች ሴት ናት። እሷም ወዳዋለች። የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ።

አባቷ አቶ ወሰንየለህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም። «ሽማግሌ እሑድ አራት ሰዓት ይምጣ። አራት ከሩብ ሲል በሬን እዘጋለሁ» ብለው በልጃቸው በኩል ላኩ። ከዚያ በፊት አርፍደው የመጡ ሽማግሎችን ከበር እንደመለሱ ሐረርም ድሬም ያውቃል።

ደምሰው ሦስት ሽማግሌ አዘጋጀ። ቃል አቅራቢው ሻምበል ልሳኑ ናቸው፤ ሁለተኛው ሼህ ኢብሳ። ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ደምሰው ግን «ሽማግሎቼ በሚኒባስ ተጨናንቀው አይሄዱም! በፔጆ አድርሼ ከሰፈሩ ጥግ እደበቃለሁ» ብሎ ድርቅ አለ።

ታዲያ ረቡዕ ዕለት የፔጆዋ ቺንጋ ብጥስ አለላችሁ። ቺንጋ ማለት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ይፈላል። ለአሮጌ መኪና ደግሞ ልኩን ማግኘት ፍዳ ነው። ሁለት ቀን ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ከርመን፣ ዓርብ ዕለት ቀፊራ ገበያ አጠገብ ዩያ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ ደረስን።

«ዩያ፣ የ404 ቺንጋ!» አለ ደምሰው ገና ከበሩ።

«አለ። ልኩን በሲባጎ ለክተሃል?»

«ምን ያስለካኛል? ይኸው አሮጌው።»

ዩያ የተበጠሰውን ተቀብሎ ሳብ ሳብ አደረገውና ሳቀ። «ይኼማ ስንት ዓመት ሲለጠጥ የኖረ ነው። ያረጀ ቺንጋ ልኩን አይናገርም። እንካ ሲባጎ፤ ሂድና ቺንጋው በሚዞርባቸው ፑሌጃዎች ላይ አዙረህ፣ ቋጥረህ አምጣልኝ። አይ ካልክ ይቺን አጠር ያለችዋን ውሰድ።»

ደምሰው አጭሯን ከአሮጌው ጎን ጣቱ ላይ አንጠለጠላት። በሁለት ጣት አጠረች። ሌላ ረዘም ያለ አወረደና አንጠለጠለ። እሱ ልክክ አለ።

«አየህ! ልክክ!»

«ልክክ ያለው ከሬሳው ጋር ነው» አለ ዩያ።

«አቦ ሃያ ዓመት የነዳኋትን መኪና አንተ ልታስተምረኝ? ይኼ ከተበጠሰው በምን ያንሳል? እንዲያውም አዲስ ነው!»

ዩያ ትከሻውን ሰበቀና ጠቀለለለት። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልክክ ሲል በዓይኔ ስላየሁ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ገጠምነው። ቺንጋ የሚወጠረው ዲናሞውን ወደ ውጭ በመግፋት ነው። ደምሰው ገፋ፣ ገፋ፣ መጨረሻው ድረስ ገፍቶ ብሎኑን አሰረ።

«ነገ ቢላላስ? ሌላ የሚገፋበት ቦታ የለውም እኮ» አልኩት።

«አፍህን በጥሩ ክፈት! ነገ የጋብቻ ጥያቄ ነው» አለና ሞተሩን አስነሳ። ፔጆዋ ምንም አላለችም። ለጥ ባለው የድሬ አስፋልት ላይ እንደ ሰዓት ሠራች።

እሑድ በማለዳ ነጭ በነጭ ለብሰን ተነሳን። የደንገጎ ዳገት እስኪጀምር ድረስ ሻምበል የሚናገሩትን ሲለማመዱ፣ ሼህ ኢብሳ ሲያርሙ፣ ሳቅ ብቻ ነበር። ዳገቱ ላይ ሦስተኛው ጥምዝ ጋ ስንደርስ ግን ከፊት ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አሉ ሼህ ኢብሳ።

«ወፍ ነው» አለ ደምሰው።

ወፏ እየጮኸች ተከተለችን። ከዚያ ጭስ መጣ። ወርደን ስናይ አዲሱ ቺንጋ ተለጥጦ፣ ፋኑን ትቶ ብቻውን ይንሸራተታል። ደምሰው መፍቻ ይዞ ዲናሞውን ሊገፋ ሞከረ፤ ወዴት ይግፋው? ጨርሶታል። አቀዘቀዝን፣ ውኃ ሞላን፣ ሁለት ጥምዝ ወጣን፣ ደግሞ ፈላ። እንዲህ እያልን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ደምሰው ከድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ያ ሁሉ ጉራ ወዴት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላኝ።

«እኔን ተዉኝ» አለ። «እናንተ ሂዱ። በእናታችሁ ትርንጎን አታሳጡኝ!»

ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሲያቃስት መጣ። ጋቢናው ሙሉ ነው። ሻምበሉም ሼሁም እኔም ጆንያው ላይ ወጣን። ነፋሱ ሲሚንቶውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ሻምበል አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ሐረር እስክንገባ ቃል አልተነፈሱም።

አቶ ወሰንየለህ በር ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። በሩ ተዘግቷል። ሼህ ኢብሳ አንኳኩ። አቶ ወሰንየለህ ራሳቸው ከፈቱና ከእግር እስከ ራሳችን አዩን።

«ሽማግሌ ነበር የጠበቅሁት። ግንበኛ አልጠራሁም።»

«ቺንጋ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ሻምበል።

ሰውየው ሊዘጉት የያዙትን በር ለቀቁት። «ምን ሆነ ቺንጋው?»

ሻምበል ከእኔ የሰሙትን ሁሉ ነገሯቸው። ሲባጎውንም፣ ዩያንም፣ ልክክ ያለውንም። አቶ ወሰንየለህ ቁጣቸውን ረስተው በመካኒክ ጆሮ ያዳምጡ ጀመር።

«በተለጠጠው ለክቶ? ሲባጎ እየሰጡት?»

«እየሰጡት።»

«ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁና «ግቡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ» አሉን።

ታጥበን ተቀመጥን። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል፤ ትርንጎ ከበስተኋላው እንዳለች አውቀናል። ሻምበል ተነሱ። በመንገድ የተለማመዱት ንግግር ከሲሚንቶው ጋር ሳይበተን አልቀረም መሰለኝ፣ አዲስ ጀመሩ።

«ልጅዎ ከዚህ ቀደም ያገባችው ሰው በየቀኑ ይጠጣ ነበር አሉ። የእኛ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ቢጠጣ ነው። ያ ሰው ቤቱን ረስቶ ያድር ነበር፤ የእኛ ቢያመሽም ይገባል። ያ ይማታ ነበር፤ የእኛ ቢቆጣ ቢቆጣ ይጮኻል እንጂ እጁን አያነሳም። በሁሉም ነገር ከዚያኛው ይሻላል።»

ጎሽ፣ ጥሩ ተናገሩ አልኩ በሆዴ። ሼህ ኢብሳም ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ወሰንየለህ ግን መሬት መሬት አዩ። ደምሰው ያን ጊዜ ደንገጎ ላይ ምን እያሰበ ይሆን እያልኩ ጨነቀኝ።

በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ሻምበል፣ ያ ሰው ልጄን አምስት ዓመት አስለቅሷታል። ከእሱ የማይሻል ወንድ ሐረር ውስጥ አለ? እናንተም ልጃችሁን እንደ ቺንጋው ከዚያ ሰው ጋር ጣታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ልክክ አለ ብላችሁ መጣችሁብኝ።»

ከጓዳው የትርንጎ ሳቅ አመለጠ። ሻምበል ተቀመጡ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እምቢ አላልኩም» አሉ አቶ ወሰንየለህ፣ በሩን ሊከፍቱልን እየተነሱ። «የሚቀጥለው እሑድ በአራት ሰዓት ተመለሱ። ስትመጡ ስለዚያ ሰው አንድም ነገር አታንሱብኝ፤ ደምሰው ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ልጄንም በምን እንደሚያኖራት ንገሩኝ። ለእሱም ይኼን አድርሱልኝ፦ በላላ የለካ፣ የላላ ገዛ።»