የምሰሶ ተካዩ ጥርስ

አንድ ቀን አቶ ደምመላሽ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመብራት ምሰሶ ሲተክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ጥርስ ሊያስተክሉ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። መንጋጋቸው ባዶ ከቀረ ዓመት አልፎታል፤ ሾርባ ሾርባ ሲሉ ነው የከረሙት። አጥንቱም ከመሳሳቱ የተነሳ የሚተከለውን ጥርስ የሚሸከም ብሎን ሊይዝ የሚችል ቦታ የተረፋቸው አንድ ብቻ ነው። ያ ከተበላሸ የማኘክ ነገር አበቃ ማለት ነው።

ሐኪሙ ዶክተር ናትናኤል ይባላል። ግድግዳው ላይ ያልሰቀለው ምስክር ወረቀት ቢኖር የጋብቻውን ብቻ ነው። ራጁን አየት አደረገና ሊያስገባ ያሰበውን ብሎንና ጥርስ በእስክሪብቶ ሳለላቸው።

«አጥንቱ ስስ ስለሆነ ብሎኑ አጭር ይሆናል። ከላይ ግን ረዘም ያለ፣ የሚያምር ጥርስ አለብስልዎታለሁ። ሲስቁ ሙሽራ ነው የሚመስሉት!»

አቶ ደምመላሽ ሥዕሉን በጣታቸው ለኩት። ጥርሱ የብሎኑን እጥፍ ሆነ። ቀልባቸው አልወደደውም፤ እንዲያውም ፈሩ።

«ዶክተር፣ እኔ የመብራት ምሰሶ ተካይ ነበርኩ፤ የተቀበረው አንሶ ከላይ ያለው ከረዘመ እኮ ይወዘወዛል። ወይ ጥርሱን ያሳጥሩልኝ፣ ወይ አጥንቱን ይጨምሩልኝና ልጠብቅ።»

«አባባ፣ አጥንት ጨምሮ እስኪጠና መጠበቅ ወራት ይፈጃል። አጭር ጥርስ ደግሞ ሥራዬን ያሰድበዋል። ደግሞስ ጥርስና የመብራት እንጨት ምን አገናኘው? ለመሆኑ ስለ ጥርስ ስንት ዓመት ተምረዋል?»

«አንድም ቀን።»

«እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ነው። ይበቃል ካልኩ ይበቃል!»

አቶ ደምመላሽ ግን አልተቆጡም። ከወንበሩ ቀስ ብለው ወረዱና ኮታቸውን እየቆለፉ እንዲህ አሉ፦

«እኛ ዘንድ አንድ ደንብ ነበረ፣ ዶክተር። ጉድጓዱን አይቶ ‹ይበቃል› ያለ ሰው፣ ምሰሶው እንደቆመ መጀመሪያ የሚወጣበት እሱ ራሱ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ ‹ይበቃል› ያለ አለቃ አላየሁም። እንግዲህ ይህን ጥርስ መጀመሪያ እርስዎ ያስተክሉትና ቆሎ ይቆርጥሙበት፤ ካልተነቀለ እኔ እከተላለሁ።»

ዶክተሩ ራጁን እንደገና ወደ መብራቱ አነሳው። ብዙ አየው።

«ለነገሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጠር ያለ ጥርስም ያምራል።»