ሁለት ልብ የቆጠረው ሰዓት

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከወረደ ሳምንት በማይነሣበት ደጋ ላይ፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ትኖር ነበር። በየቀኑ ከቤቷ እስከ ሆራው፣ ማለትም ከብቱ ሁሉ ጨዋማውን ውሃ እስከሚጠጣበት ምንጭ ድረስ ትሮጣለች። በመሐል ሜዳ አለ። በሜዳው ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በቅሏል፤ በጉም ውስጥ ሲያዩት ካባ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። ሦስት ሺህ እርምጃ ሮጦ ወደ ግራ የታጠፈ ሆራው ይደርሳል። መታጠፊያውን የሳተ ገደል ይገባል። ከገደሉ ቢተርፍ ደግሞ አያ ጅቦ አለለት።

ስለዚህ ያገሩ እንስሳ አንድ ልማድ ነበረው። በጉም የሚሄድ መቶ እርምጃ በሄደ ቁጥር ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። በዚያ ዓመት ግን አንዲት ነጭ ፍየል ሆራ ወርዳ በዚያው ቀረች። ከመጥፋቷ በፊት ባሉት ቀናት መጮኋን ትታ እንደነበር ጎረቤቶቿ ኋላ ትዝ አላቸው።

ዳለቻ ፈራች። እሷም ስትሮጥ ቁጥሩ ይምታታባታል፤ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ትሁን ሺህ ሰባት መቶ ላይ አታውቅም። ጂፒኤስ ያለው የሩጫ ሰዓት ልግዛ ብላ ገደል አፋፍ ላይ የምትኖረውን ጎረቤቷን፣ እትዬ ጭላዳን አማከረች።

«ደግ አሰብሽ» አለቻት ጭላዳ። «ግን የሚያስፈልግሽን ከቤትሽ ወስነሽ ሂጂ። እርምጃ ይቁጠር፣ ወደ ቤት ያመልክትሽ፣ ባትሪው ቶሎ አይለቅ። ሌላው ትርፍ ነው። ከአንድ ቁና ገብስም በላይ እንዳትከፍይ፤ የጉሙን ወራት ምን በልተሽ ልትከርሚ ነው?»

«እሺ እትዬ» አለች ዳለቻ። እሺ ማለት ምን ገዶ!

የቀበሮ ሱቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ሰዓቶቹ በድንጋዩ ላይ ተደርድረው በጨለማው ውስጥ አረንጓዴ ያበራሉ።

«ይግቡ እሜቴ፣ ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!» አለ ቀበሮ። ትንሿን ሰዓት በጥፍሩ ጫፍ አንጠለጠላት። «አንድ ቁና ናት። እርምጃ ትቆጥራለች፣ ቤት ታመለክታለች፣ አበቃ። ለዶሮ ትበቃለች።»

«ለዶሮ» የምትለዋ ነገር ዳለቻን ወጋቻት።

«ያኛውስ?» አለች ትልቁን እያየች።

«እሱን እንኳ ለመኳንንት ነበር ያመጣሁት። ልብ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይለካል፣ የገደሉን ካርታ ያሳያል፣ ጨረቃ መቼ እንደምትወጣ ይናገራል። ከሁሉም በላይ ከሩጫ ጓደኛ ጋር ያገናኛል! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ? ይሄ ባል አይደለም እሜቴ፣ ሰዓት ነው።»

«ባትሪውስ?»

«የባለቤቱን ዕድሜ ይበልጣል» አለ ቀበሮ።

ዳለቻ ቀረብ ብላ አየችው። በማሰሪያው ውስጥ ነጭ ፀጉር ተጣብቆበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከአንዲት ደንበኛ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ቅናሽ አለው።»

«ለምን መለሰችው?»

«እሷስ አልመለሰችውም» አለ ቀበሮ በእርጋታ። «መለሱላት።»

እናንተ ብትሆኑ ይኼኔ እግሬ አውጪኝ ትሉ ነበር። ዳለቻ ግን በቅሎን እያሰበች ነበር። በቅሎ የወንድሟ ልጅ ናት፤ ነገር ግን እንደምታውቁት በቅሎ ስለ አባቷ ወገን ሲጠይቋት ጆሮዋ አይሰማም፤ አክስቷን በመንገድ ስታገኝ ሰላምታ እንኳ አትሰጥም። ይህን ሰዓት አስሬ ባያት ምን ትል ይሆን አለች ዳለቻ በልቧ። ያላትን ሦስት ቁና ገብስ፣ የክረምት ስንቋን በሙሉ፣ ዘርግፋ ገዛችው።

እውነትም በቅሎ አየቻት፤ ሰላምም አለቻት። ዳለቻ በባዶ ሆዷ ኮራች። ከዚያ ቀን ወዲያ በጉም ስትሮጥ መጮኋን ተወች። «እኔን ሳተላይት እየመራኝ ምን አስጮኸኝ?» ትላለች። እትዬ ጭላዳ ከአፋፉ ላይ «ዳለቻ ሆይ!» እያለች ትጣራለች። ዳለቻ ሰምታ ዝም።

በአምስተኛው ቀን ጉሙ እንዲያ ሆኖ አያውቅም፤ የገዛ ሰኮናዋን ማየት አቃታት። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ላይ ስትደርስ ሰዓቱን አየችው። የልቧ ምት መቶ ሃያ ይላል። ከሥሩ ሌላ ቁጥር በርቷል፦ አርባ። የማይቸኩል፣ የማይደክም ልብ።

«ይሄ ደግሞ የማን ልብ ነው?» አለች።

«ጓደኛሽ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው» አለ ሰዓቱ በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ እኔ ጓደኛ የለኝም!»

«መቶ ሃምሳ እርምጃ።»

ወደ ቀኝ ታጠፈች። «ጓደኛሽም ታጥፏል» አለ ሰዓቱ። ወደ ግራ ዞረች፤ እሱም ዞረ። ቆመች። ከኋላዋ ሣሩ መንኮሻኮሹን ቀጠለ። በጉሙ ውስጥ የቆሙት ጅብራዎች ሁሉ አንገታቸውን ያዞሩባት መሰላት።

«ስሙን ንገረኝ» አለች።

«አያ ጅቦ። ሰማንያ እርምጃ።»

ነጩ ፀጉር የፍየሏ እንደነበረ ያኔ ገባት። ቀበሮ አንዱን ሰዓት ለሚታደን፣ ጥንዱን ለሚያድን ሸጧል። ወይኔ ዳለቻ! ሞቷን በክረምት ስንቋ ገዝታ እግሯ ላይ አሰረችው።

ካርታውን አየችው። ገደሉ ከፊቷ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው። ማሰሪያውን በጥርሷ ይዛ ጎተተች፤ ቆዳዋ ተላጠ፣ ደሟ ወረደ፣ ሰዓቱ ወለቀ። ቀስ ብላ ጥቂት እርምጃ ተራመደችና አንገቷን ወዝውዛ ወደ ፊት ወረወረችው። የወደቀበትን ለመስማት ብዙ ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ከጅብራዎቹ መሐል እንደ ጅብራ ቆመች።

አያ ጅቦ መጣ። ዓይኑን እግሩ ላይ ካለው ሰዓት አይነቅልም። አጠገቧ ሲደርስ ቆም ብሎ አሸተተ።

«አፍንጫዬስ አህያዋ እዚሁ ናት ይላል» ብሎ አጉረመረመ። «ሰዓቱ ደግሞ ወደ ፊት ይላል። ማንን ልመን?» ጥቂት አሰበ፤ ማሰብ ለጅብ ቀላል አይደለም። «አፍንጫዬን በነፃ ነው ያገኘሁት። ሰዓቱን ግን በሁለት የፍየል ጭን ነው የገዛሁት! ውድ ነገር አይዋሽም።»

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለ ሰዓቱ። «ሃያ እርምጃ። አሥር።»

ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ቆይቶ ከገደሉ ሥር ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ዜሮ እርምጃ። ተገናኝታችኋል።»

ዳለቻ ከጅቡ ተረፈች እንጂ ከጉሙ አልተረፈችም። ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም፤ አንድ እርምጃ ብትሳሳት የጅቦን መንገድ ትከተላለች። አፍራ፣ ፈርታ፣ አናፋች። መልስ የለም። አምስት ቀን ሙሉ ሲጠሯት ዝም ያለች እሷ፣ አሁን ማን ይመልስላት? ዳግመኛ አናፋች፤ እንባዋም መጣ።

«አለሁ!» አለ ከሩቅ አንድ ድምፅ።

«እትዬ ጭላዳ! እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«ይቅርታውን ቤት ስትደርሺ! አሁን ወደ ድምፄ ነይ። ቀስ እያልሽ፣ መቶ እርምጃ እየቆጠርሽ!»

እየጮኸች፣ እየቆጠረች፣ «አለሁ» የሚለውን እየተከተለች ገባች። ያን ክረምት በጭላዳ የሣር ሥር ነፍሷን አቆየች። ቀበሮ ወሬውን እንደሰማ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ወደ እናንተ ሰፈር ይሆናል። ስለ ባትሪው ግን አልዋሸም። ዛሬም ጉም ሲወርድ ከዚያ ገደል ሥር «ጓደኛሽ ቀርቧል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዳለቻም በዚያ ስታልፍ ጮክ ብላ ታናፋለች፤ «አለሁ!» የሚላትን እስክትሰማ ድረስ እግሯን አታነሣም።

ከዚህ የምንማረው የሚጎድለንንና አቅማችንን ቤታችን ሳንወስን ገበያ ከወጣን፣ የሚያስፈልገንን የሚነግረን ሻጩ እንደሚሆን፣ ዋጋውንም ከኪሳችን ብቻ ሳይሆን ከነፍሳችን ጭምር እንደሚቆርጥ ነው።