ወደ እንግዳ የዞረች ስክሪን

ደሴ ውስጥ፣ በተለይ እኛ ሰፈር ቧንቧ ውሃ፣ ሰው የሌላውን ንግግር ሳያስጨርስ ብድግ ሲል የምትባል አንዲት አባባል አለች። አሁን አሁን የታክሲ ረዳቱም ይላታል፣ የዕድር ዳኛውም ይላታል። ባለፈው እንዲያውም አንዱ በሬዲዮ "አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እንደሚሉት" ብሎ ሲጀምር ሰምቼ ሬዲዮኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የምን ጥንት! ከኛ ሳሎን ነው የወጣችው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ጓዳ በር ላይ። መቶ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሰሚ ነው ያጣሁት። እናንተ እንኳ ስሙኝ።

አባቴ አቶ ፈንታው ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ታይፕ ሲመታ የኖረ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ይነግረዋል፣ እሱ ዓይኑን ከሰውየው ፊት ሳይነቅል ጣቶቹ ይጽፋሉ። ጨዋታውማ ለጉድ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ አስቆ የሚወጣ ሰው ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉልን፣ ተመስገን፤ ድምፁ ግን በዚያው ቀረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እሱ ዝም ሲል ቤቱ ጭር አለ።

አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ አንዲት መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አመጣችለት። እንደ መነጽር ቤት ክፍት ክድን የምትል ናት፤ ከታች ፊደል መምቻው፣ ከላይ ስክሪኑ። አማርኛ ተጫነባትና አባዬ በሁለት ሳምንት ለመዳት። ችግሩ ሌላ ነበር። ስክሪኗ የምታየው የሚጽፈውን ሰው ነው። አባዬ ይጽፋል፣ አዙሮ ያሳያል፣ መልስ ሲሰጡት ወደ ራሱ ይመልሳታል፣ እንደገና ይጽፋል፣ እንደገና ያዞራል። ጨዋታ ደግሞ ማንን ይጠብቃል? ቀልዱን ጽፎ እስኪያዞር ሰዉ ሌላ ወሬ ጀምሯል። ዕድር ላይ አስተያየቱን ጽፎ ቀና ሲል ስብሰባው ተበትኗል። አንዳንዱ ደግሞ ከኋላው መጥቶ በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ያነብበታል፤ አባዬ ይህን እንደ ሞት ነው የሚጠላው።

አንድ ቀን የጎረቤታችን ባል ሞተና ለቅሶ ሄድን። አባዬ ለሐዘንተኛዋ የማጽናኛ ቃል ጽፎ አዞረላት። እሷ ግን እንባው ዓይኗን ሞልቶት አላየችውም፤ ወዲያው ሌሎች መጥተው ከበቧት። ከዚያ ተነሥተን ቤት ገባን፤ አባዬ ኮምፒውተሯን ከደናትና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጣት። "አባዬ፣ ምነው?" ብለው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሁለት ወር ከቤት አልወጣም። ድምፁ ከሄደበት ቀን ይልቅ ይኼ ነው እኔን ያስለቀሰኝ።

በመጨረሻ "አንዷ ቁልፍ አልመታ ብላለች፣ ትሠራ" ብዬ እየጎተትኩ ፒያሳ ወሰድኩት። ሞባይል ጠጋኙ ስንሻው ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ካቻቢቴ የሚፈልግ ልጅ። ቁልፏን ወዲያው አስተካከላትና "ይሞክሯት እስቲ አባባ" አለው። አባዬ ጻፈ፣ አዞረ። ስንሻው መለሰለት። አባዬ ወደ ራሱ መለሳት፣ ጻፈ፣ አዞረ። ልጁ ይህን ሦስት ጊዜ ተመለከተ።

"አባባ፣ ሲጽፉ ስክሪኑን ያዩታል እንዴ?" አለ።

አባዬ ጻፈና አሳየው፦ "ሠላሳ ዓመት ታይፕ መትቼ ደግሞ ልይ? ጣቶቼ ያውቁታል።"

"ታዲያ ወደ እርስዎ መዞሩ ምን ይሠራል? የምናነበው እኛ፣ ስክሪኑ ወደ እርስዎ! ወደኛ ይዙራ!"

እኔ ሳቅኩ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ ልጁን ትክ ብሎ አየው።

ሦስት ቀን ፈጀበት። የማጠፊያዋን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። በማጠፊያው ውስጥ ከታች ወደ ስክሪኑ የሚያልፍ እንደ ወረቀት የሳሳ ገመድ አለ፤ ስክሪኑ ፊቱን ሲያዞር ገመዱ አጠረ። ከተሰበረ ስልክ ላይ ወስዶ ቀጠለው። ማጠፊያውን ገልብጦ ገጠመው፣ አልገባ ያለውን ጠርዝ በሞረድ ሞረደው። በሁለተኛው ቀን ስሄድ ጭራሽ አልበራ ብላለች። "ያለችንንም አጠፋህብን!" ብዬ ጮኽኩበት፤ ሱቁ ሙሉ ሰው ፊት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እህቴ፣ እስከ ነገ ታገሽኝ" አለ፣ በቃ።

በማግስቱ አባዬን ይዤው ሄድኩ። ስንሻው ማንገቻ ጨምሮላት ኖሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። አባዬ ደረቱ ላይ ከፈታት። ስክሪኗ እኔን ታያለች፣ እሱም እኔን ያያል። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱና ፊደሎቹ ፊቴ ላይ አንድ በአንድ ወጡ፦ "ማንዬ፣ ከስተሻል እኮ። ምግብ ጠልተሽ ነው ወይስ በኔ ተቃጥለሽ?"

እዚያው የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ዓይን ዓይኔን እያየ አናግሮኝ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አቀርቅሮ ነው። ስንሻው የጉልበቱን ሲጠየቅ "ይመርቁኝና ይበቃኛል" አለ። አባዬ መረቀው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እያለቀስኩ ጮክ ብዬ አነብባለሁ፣ ባትሪ ሊያስቀይር የመጣው ሁሉ "አሜን፣ አሜን" ይላል። ዛሬም ስንሻው ሲያናድደኝ ያቺን ቀን አስባለሁ፤ ቁጣዬ ይበርዳል። እግዜር ይስጠው፤ አባቴን ነው የመለሰልኝ።

ከዚያ ወዲያ የማጠፊያዋ ብሎን ቶሎ ቶሎ ይላላ ጀመር። ለማስጠበቅ ይዤያት የምሄደው እኔ ነኝ። ብሎኑን ማን እንደሚያላላው አትጠይቁኝ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ከፋሲካ በኋላ ስንሻው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ፤ አንዳቸውን ጉንፋን ጣላቸውና ሁለቱ መጡ። አንደኛው መምህር ንጋቱ ናቸው፤ አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ ደሴ ውስጥ ያላስተማሩት ሰው ቢፈለግ የማይገኝ። ሁለተኛው የስንሻው አጎት አቶ ደምለው ነው። ዕድሜ ይስጠውና ደግ ሰው ነው፤ ግን ችኩል! ሻይ እስኪበርድለት እንኳ አይጠብቅም፣ ምላሱ እንደተቃጠለ ነው የሚኖር። ስንሻው እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ በሱ እጅ ያደገ ነው፤ ከአጎቱ ቃል አይወጣም። አቶ ደምለው ደግሞ ገና ሳይመጣ "እኔ የሰው ደጅ አልጠናም፤ እምቢ ካሉን ሁለተኛ አልመለስም፣ ለልጁም ሌላ እፈልግለታለሁ" ብሎ ምሏል። ስንሻው ይህን ከነገረኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ለምንጣፉ አዝነው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትታይም፣ ትንፍሽም አትልም። እኔ ከእንግዶቹ ኋላ ጓዳ በር ላይ፣ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። የስክሪኗ መዞር ለኔም በጀኝ፤ በትከሻቸው መካከል ቁልጭ ብላ ትታየኛለች።

መምህር ንጋቱ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "አቶ ፈንታው፣ ልጅዎን ለልጃችን ለስንሻው እንዲሰጡን፣ እሱንም ልጅዎ እንዲያደርጉት ልንለምን ነው የመጣነው" አሉ።

"መልሱንስ ከማን ነው የምንሰማው?" አለ አቶ ደምለው። "ከኮምፒውተር ጋር ነው የምንሸማገለው?"

"ከባለቤቱ ነው። ይልቅ ቁጭ በልና አንብብ" አሉት መምህር፣ ቆጣ ብለው።

አባዬ ደረቱ ላይ ከፈታት። ቀኑን ሙሉ ሲዘጋጅ ነው የዋለው፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ፊደሎቹ መውጣት ጀመሩ፦

"ልጄን ማንያህልሻልን ለስንሻው አልሰጥም"

እዚህ ላይ ጣቶቹ ቆሙ። ከሕመሙ ወዲህ ሆዱ ሲባባ ትንፋሽ ያጥረዋል። እጁን ከፊደሎቹ ላይ አንሥቶ መሐረቡን አወጣና አንገቱን ጠረገ።

አቶ ደምለው ብድግ አለ። "በቃ! ሰምተናል!"

"ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ተቀመጥ" አሉ መምህር።

"ምን ልቀመጥ? አልሰጥም ይላል፣ ቁልጭ ያለ አማርኛ ነው! አንቱ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ልጃችን ምን ጎደለው? እንዲህ ሳንቲም ሳይቀበል ደክሞላቸው!" እያለ ሄዶ በር ላይ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

እኔም ያነበብኩት ያንኑ ነው። አባዬ እንዲህ ያደርገኛል? ምን በደልኩት? ሰውየው ያቺን ደጃፍ ካለፈ አበቃ፤ ምሏል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ሽማግሌ ፊት ልጅቷ አትጮህም። አባዬ ደግሞ መጮህ ቢፈልግ አይችልም። ፊቱን ላዞረ ሰው ስክሪን ምን ያደርግለታል? ቀና ብሎ የአቶ ደምለውን ጀርባ ሲያይ አባቴ ፊቱ ላይ የነበረውን ድንጋጤ እስክሞት አልረሳውም።

መሐረቡን ጣለውና ተነሣ። እየተራመደ ይጽፋል። ኮምፒውተሯ ደረቱ ላይ ናት፣ ስክሪኗ ወደ ፊት፤ አንዴ ቆሞ ማዞር የለ፣ መመለስ የለ። አቶ ደምለው አንዱን እግሩን አስሮ የሁለተኛውን ጫማ ክር ይዟል። አባዬ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ከፊቱ በርከክ አለ። ስክሪኗ በጫማውና በአቶ ደምለው አፍንጫ መካከል ገባች። ጣቶቹ አሁንም አላቆሙም። አቶ ደምለው ወዴት ይሂድ? ሳይወድ በግዱ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ጮክ ብሎ አነበበ፦

"ልጄን ማንያህልሻልን ለስንሻው አልሰጥም ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ድምፄን የመለሰልኝ እሱ ነው። እስክትመጡልኝ ድረስ ስጠብቃችሁ ነበር። እሱን ያሳደገ እጅ ይባረክ።"

ክሩ ከእጁ ወደቀ። "አልሰጥም ... ብል?" አለ።

አባዬ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ብል! ወይኔ ደምለው! ብል ልብስ ስትበላ ነበር የማውቀው፤ ዛሬ ትዳር ልታስበላኝ!" ብሎ የአባዬን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ፣ አባዬ ደግሞ የሱን ትከሻ ሊስም ቀና ሲል ግንባር ለግንባር ተጋጩ። እንደዚያው በርከክ ብለው ተቃቅፈው ሁለቱም አለቀሱ። "ለብቻዬ ነው ያሳደግኩት፣ አቶ ፈንታው" ይላል አቶ ደምለው፤ "እጅህ ይባረክ ያለኝ ሰው የለም እኮ፤ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ፣ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ።" እኔ ወጉን ሁሉ ረሳሁና ከመጋረጃው ወጥቼ እልል አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ እንኳ አላውቅም፤ አንዴ እግዜርን፣ አንዴ አባዬን፣ አንዴ ያቺን ማጠፊያ።

መምህር ንጋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። "ደምለው" አሉ፣ ሳቃቸውን ይዘው፤ "ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ምን ብዬህ ነበር? አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ሳይመጣ ሰውየው ይስጥ አይስጥ፣ ይውደድ ይጥላ አይታወቅም፣ ጠብቅ አላልኩህም?"

"ብለውኝ ነበር፣ የኔታ" አለ አቶ ደምለው፣ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በካልሲ ቆሞ።

መምህሩም ከዘራቸውን ወደዚያች ወደታሰረችው ጫማ ቀሰሩና "እንግዲያው ዛሬ በሌላ አማርኛ ልንገርህ፣ ለልጅ ልጆችህም ንገርልኝ፤ ነገር ሳይታሰር ጫማ አይታሰርም!" አሉት።