ይመር ለሕክምና ቤተሰቡን ሲመርጥ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ ሰፈር የሚነገር አባባል አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ጭቃ ሲያቦኩና እንጨት ሲያቆሙ የኖሩ ቤት ሠሪዎች ያወጡት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አባባሉ የተወለደው ከክሊኒክ አልጋ አጠገብ ነው፤ ሰበቡም ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ዘይት የሚያጠጣው ይመር ነው።

ይመር ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ይወዳል፣ ልጆቹን አይመታም፣ አማቱን ያከብራል። አንድ ጣጣ ብቻ ነበረበት፤ ስሌት ይወዳል። ገበያ ሲወጣ ከሽንኩርቱ ክምር ፊት ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ እያገላበጠ ልጣጩ የሳሳውን ይለቅማል። «ልጣጭ በኪሎ አልገዛም» ይላል። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ሽንኩርቱን በጆንያ ይሸፍኑ ነበር።

በመስከረም አንድ ሰኞ፣ የሠራተኛ አስተዳደሯ ወይዘሪት ማርሸት ሠራተኛውን ምግብ አዳራሽ ሰበሰበችው። ፋብሪካው ከአንድ ክሊኒክ ጋር ተዋውሎ የሕክምና ዋስትና ሊጀምር ነው። ሠራተኛው ራሱ በነፃ ይታከማል። ቤተሰቡን ማስገባት የፈለገ ግን ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ግማሹን ፋብሪካው ይችላል።

«ምዝገባው እስከ ዓርብ ብቻ ነው» አለች ማርሸት። «ዓርብ ያመለጠው፣ እስከ ከርሞ መስከረም እንዳይታመም አደራ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ይመር አልሳቀም፤ በጣቱ እየቆጠረ ነበር። ቤቱ ውስጥ አራት ነፍስ አለ፤ ሚስቱ ዘነቡ፣ ልጆቹ ጌትዬና ፈንታዬ፣ የዘነቡ እናት እማማ አልጋነሽ። የአራቱ መዋጮ ሲደመር ዕቁቡን ሊበላበት ሆነ። ዕቁቡ ደግሞ የታሰበው ለቴሌቪዥን ነው፤ ኳስ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ማየት ሰልችቶታል።

ከሥራ እንደተመለሰ ቤተሰቡን ሰበሰበ።

«እስቲ ንገሩኝ» አለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ። «ዘንድሮ ከመካከላችሁ ማን ነው የሚታመመው?»

ዘነቡ የምታጥፈውን ልብስ ይዛ ቀረች። «ምን ማለትህ ነው?»

«ለመታመም ያሰበ ካለ አሁኑኑ ይናገር። በኋላ ማሩኝ ቢባል የለም።»

ጌትዬ እጁን አወጣ። «እኔ ፈተና ሲደርስ ሆዴን ያመኛል።»

«እሱን ጥናት ነው የሚያድነው» አለና ይመር ስሙን ሰረዘው። ትንሿ ፈንታዬ ግን ምንም ሳትናገር አፏን በሰፊው ከፍታ ቶንሲሏን አሳየችው። ተጻፈች።

ተራው የእማማ አልጋነሽ ሆነ። እማማ ከወገባቸው ጀመሩ። ወደ ጉልበታቸው ወረዱ፣ ወደ ትከሻቸው ወጡ፣ ከትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተሻገሩ። «ይሄ እዚህ ጋ የሚወጋኝ ደግሞ ስሙንም አላውቀው» አሉ ጎናቸውን እየደባበሱ። ይመር ለመጻፍ ወረቀቱን ገለበጠ።

«እኔስ?» አለች ዘነቡ።

ይመር ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ? አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ስታስነጥሺ ሰምቼ አላውቅም። ግማሽ ኩንታል ተሸክመሽ ወፍጮ ቤት ደርሰሽ ትመለሻለሽ። አንቺን ማስመዝገብ ማለት እኮ ለድንጋይ ጃንጥላ መግዛት ነው!»

የተናገረው ለሙገሳ ነበር። ዘነቡ ግን ልብሱን ወንበር ላይ ወረወረችው። «ድንጋይም ይሰነጠቃል፣ ይመር። ወይ ሁላችንንም አስገባ፣ ወይ ሁላችንንም ተወን። ሰው እንደ ሽንኩርት አይለቀምም።»

ዓርብ ዕለት ሁለት ስም ይዞ ቢሮ ገባ። ማርሸት ቅጹን አየችና ቀና አለች።

«ባለቤትህስ?»

«ጤነኛ ናት።»

«ጤነኛ ሰው ነው እኮ የሚመዘገበው፣ ጋሽ ይመር። የታመመማ ይታከማል።»

«ለከርሞ» አለና ፈርሞ ወጣ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ስሌቱ የሠመረ መሰለ። ዕቁቡ በኅዳር ወጣለትና ቴሌቪዥኑ ገባ። የፈንታዬ ቶንሲል የተሰጣትን የክሊኒክ ካርድ ያየ ይመስል ጭጭ አለ። እማማ አልጋነሽ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ተመላለሱ። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች መርምሮ አንድም ነገር አጣባቸው። «እናቴ፣ እርስዎን የጎዳዎት መቀመጥ ነው፤ በየጠዋቱ ይራመዱ» አላቸው። እማማ የሐኪም ቃል አያጥፉም። በመጀመሪያ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ፣ በጥር ወር ደግሞ ዳገቱን ወጥተው ይመለሱ ጀመር። ማቃሰታቸውን ግን አልተዉም፤ አመል ነው።

ይመር ቴሌቪዥኑ ፊት ተንፈላስሶ ጎል በገባ ቁጥር «አየሽ ዘነቡ፣ ስሌት ማለት ይሄ ነው!» ይላታል። ዘነቡም ዝም ትላለች።

በየካቲት ዘነቡን ሆዷን ይወጋት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። ድንጋይ ነሽ የተባለ ሰው ማቃሰት ያፍራል። ሁለት ቀን ጥርሷን ነክሳ ዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወፍጮ ቤት ደጃፍ እህሉን ሳታወርድ ከነሸክሟ ተዘረረች።

ይመር ዘይት የነካ እጁን ሳይታጠብ ከፋብሪካው ሮጦ ደረሰ። ሚስቱ ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፋ ተኝታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ክሊኒክ!» አለው ሾፌሩን። በቤታቸው ሲያልፉ ግን «አንዴ ቁም!» ብሎ ወረደና አንዲት ካርድ ይዞ ተመለሰ። የእማማ አልጋነሽ ካርድ ናት። እማማ ፎቶ ሲነሱ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደውት ስለነበር የሚታየው አፍንጫ ብቻ ነው። የእናትና የልጅ አፍንጫ ደግሞ አንድ ነው።

«ስሚኝ» አላት በጆሮዋ። «እዚያ ስንደርስ አንቺ አልጋነሽ ነሽ። ምንም አትናገሪ።»

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ካርዱን ተቀበለች። «ስም?»

«አልጋነሽ» አለ ይመር።

«ዕድሜ?»

«ሰባ አንድ።»

ልጅቱ በመስኮቱ አጮልቃ ወንበር ላይ የታጠፈችውን ሴት አየች። ካርዱን አየች። እንደገና ሴትዮዋን አየች። ከልጅቱ በፊት ግን ዘነቡ ራሷ ቀና አለች።

«ስንት?»

«ዝም በይ፣ ያምሻል» አለ ይመር።

«ስንት ነው ያልከኝ? ሰባ አንድ? እኔን? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። «ዘነቡ ነኝ፣ እህቴ! ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው! ካርድም የለኝም! የምሞትም ከሆነ በሠላሳ ስምንቴ ይቅበሩኝ!»

ወረፋ የያዘው ሕመምተኛ ሁሉ ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። ጥርሱን ሊያስነቅል ጉንጩን የያዘው ሰውዬ እንኳን ሳይቀር ሳቀ። ዘነቡ ግን ተመልሳ ወደቀች፤ ሳቁም ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ልጅቱ ካርዱን ለይመር መለሰችለት። «ይህንን አላየሁም፣ ኪስዎ ያስገቡት» አለችና ነርስ ጠራች።

ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። «ትርፍ አንጀት ነው፤ ሊፈነዳ ደርሷል። አሁኑኑ ሆዷ መከፈት አለበት። ወጪው ግን…»

«ይከፈት!» አለ ይመር፣ ቁጥሩን ሳይጠይቅ። በዕድሜው ዋጋ ሳይሰማ የተስማማበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ዘነቡን አስገብተው በሩን ዘጉት። ይመር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልቡን ለማረጋጋት እንደ ልማዱ መቁጠር ጀመረ። ልጆቹን ማን ይቀሰቅሳል? እህሉን ማን ያስፈጫል? ሲቆጣስ ማን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል? ቤቱን ያለ ዘነቡ ሊደምረው ሞከረ፤ አልደመር አለው። ዘይት የነካ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እማማ አልጋነሽ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ገስግሰው ሲደርሱ ፊቱ በጥቁር ተዥጎርጉሮ አገኙት። አልተቆጡትም። አጠገቡ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

ዘነቡ በደህና ወጣች። ስትነቃ ይመር ከራስጌዋ ቆሟል።

«ስንት ዓመቴ ነው?» አለችው፣ ዓይኗን በቅጡ ሳትገልጥ።

«ሠላሳ ስምንት» አለ። ቀጥሎም በቀስታ «ብትፈልጊ ሠላሳ አምስት» አላት።

ቴሌቪዥኑ ለጎረቤት ተሸጠ፤ ለወጪው ስላልበቃ የቀረውን ከፋብሪካው ተበደረ። ኳስ በጨዋታ ቀን በጎረቤት መስኮት ያያል፤ ጎረቤትየውም ጎል ሲገባ «አየህ ይመር!» እያለ ያበሽቀዋል።

ዘነቡ ገና አልጋ ላይ ሳለች፣ እሑድ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች ብርቱካን ይዘው ክሊኒኩ ድረስ ሊጠይቋት መጡ። ማርሸትም አብራ ነበረች።

«ለመሆኑ ምን አስበህ ነው እሷን የተውካት?» አለችው።

ይመር አንገቱን ደፋ። «እማማ ቀኑን ሙሉ ያቃስታሉ። እሷ አንድ ቀን እህ ብላ አታውቅም። እኔም የሰማሁትን አስመዘገብኩ።»

ሁሉም ወደ እማማ አልጋነሽ ዞሩ። እማማ ለልጃቸው ብርቱካን እየላጡ ነበር፤ ይቆጣሉ ሲባል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እውነቱን ነው፣ የጮህኩት እኔ ነኝ» አሉና ብርቱካኑን ለዘነቡ አጎረሷት፤ ከዚያም ወደ እንግዶቹ ዞር ብለው «ምን ይደረግ ልጆቼ፤ የሚንቋቋ ማገር ሲጠግኑ፣ ዝም ያለው ምሰሶ ወደቀ» አሉ።