ባለመስኩና መጤው ቀበሮ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ስሙኝ፤ ያላላችሁም ጠጋ በሉ።

ፍልፈል በሞላበት መስክ የሚኖር አንድ ቀበሮ ነበር። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ የራበው ቀበሮ መጣና እንዲያድን ፈቃድ ለመነው።

«እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ባሰኘኝ ሰዓት አድናለሁ» አለ ባለመስኩ። «አንተ ግን መጤ ነህ፤ ፍልፈል ከጉድጓዱ በማይወጣበት በቀትር ብቻ ታድናለህ።»

«እሺ ጌታዬ፣ እንዳሉት ይሁን» አለ መጤው። በቀትርም ጉድጓድ አፍ ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሲጠብቅ አንዲት የሰባች ፍልፈል ያዘ።

ባለመስኩ ይህን ሲያይ በቅናት አንጀቱ አረረ። እሱ ጠዋት እስኪያገሳ በልቷል፤ የመጤው አንዲት ፍልፈል ግን በዓይኑ ላይ ዝሆን አከለች። «በእኔ መስክ እሱ ይወፍር?» ብሎ ወንዙን አሻግሮ አባረረው። ከዚያ ወዲያ መጤው ተመልሶ እንዳይመጣ ከንጋት እስከ ምሽት ወንዙ ዳር ተቀምጦ ማዶ ማዶውን ያይ ጀመር። ማደኑን ተወው፤ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ።

ከጀርባው ፍልፈሎች ሣር እየጋጡ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዲት እናት ፍልፈል ልጆቿን ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦ «ስትጸልዩ ለዚያ ለመጤው ዕድሜና ጤና መለመን አትርሱ። እሱ የሞተ ቀን ባለመስኩ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል።»