ከግድግዳው ማዶ የተሰማው ፒያኖ

በአንድ ወቅት አዳማ ውስጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ በሚጋራበት ግቢ፣ ናርዶስ የምትባል ልጅ ነበረች። ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ተመዝግባለች። የምትለማመድበት የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ግን ፈተናው ሲቃረብ ተበላሸ። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የላትም። ልጅቱ ምግብ እንኳ አልበላ አላት።

ታላቅ ወንድሟ ዘሪሁን ድሮ ለመዘምራን ኪቦርድ ይጫወት ነበርና ይዟት ሱቅ ሄደ። ሻጩ መብራቶቹ የሚንቦገቦጉ፣ ከበሮውንም ጭብጨባውንም በራሱ የሚያሰማ ኪቦርድ አወጣ። «ለጀማሪ ይሄ ነው። ቁልፉም ቀላል፣ ዋጋውም ቀላል» አለ። ለሠርግ ቤት ይሆን ይሆናል፤ ለተማሪ ግን ጌጥ ነው። ዘሪሁን ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ያገለገለ ዲጂታል ፒያኖ አየ። ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው፤ ሲጫኗቸውም እንደ እውነተኛው ፒያኖ ይከብዳሉ። «ፈተናው ላይ የሚጠብቅሽ ከባዱ ነው፤ ጣትሽ ከአሁኑ ይልመደው» አላት። ተከራክሮ ዋጋውን አስቀነሰ።

ገንዘቡ ግን ከሱ ኪስ አልወጣም። ሁለተኛው ወንድሟ ምትኩ ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደርበትን ሞተር ሳይክል ሸጠ። «ሞተር ይገኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚሸከመው በትከሻው ነው።

ፒያኖው ቤት እንደገባ ግቢው ውስጥ ሐዘን መጣ። ግድግዳ የሚጋሯቸው እትዬ የሺመቤት አንድ ልጃቸው ሞተባቸው። ሐዘን ባለበት ግቢ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ናርዶስ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ ማንም አይሰማኝም ብላ ተለማመደች። ያልጠረጠረችው ቁልፎቹን ነበር። ከባድ ቁልፍ ሲመታ ይንኳኳል፤ ኳኳታውም የጭቃውን ግድግዳ አልፎ ለቀስተኛው መሀል ገባ።

የእድር ሰዎች በሩን በርግደው ገቡ።

«ሬሳ ወጥቶ ሳያድር ሙዚቃ? ነውር አታውቂም?» ብለው ፒያኖውን ሊያወጡ ብድግ አደረጉት። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከፍራሻቸው ተነሥተው መጡ።

«የፈቀድኩላት እኔ ነኝ። አስቀምጡት!»

ማንም ፈቃድ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ናርዶስ ፈተናውን አለፈች። በትምህርት ቤቱ ፒያኖ ስላለ የሷን ይዛ አትሄድም። አዲስ አበባ ልትሄድ ሻንጣዋን ባነሣችበት ማለዳ ሁለቱ ወንድሞቿና እትዬ የሺመቤት ፒያኖውን ሊጠይቋት ቤቷ ተገናኙ።

«በሻጩ ምርጫ ቢሆን ወድቀሽ ነበር። ያመጣሁትን ልጆቼ ይጀምሩበት» አለ ዘሪሁን።

«የተሸጠው ሞተር የኔ ነው» አለ ምትኩ። «ደግሞስ መጫወት ከልጅነቴ ያምረኝ ነበር። ከእናንተ አንድ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል?»

እትዬ የሺመቤት መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «በዚያ ሁሉ ሐዘን ያ ኳኳታ አብሮኝ ያመሽ ነበር። ዝም ሲል ቤቴ እንደ ገና ባዶ ሆነ። ልጄ የተወልኝ አንዲት የልጅ ልጅ አለች። እሷ ትማርበት፣ የኔ ልጅ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ወንድሞቿ ግን ሩቅ አልነበሩም። ናርዶስ ሦስቱንም አየቻቸው። ለአንዱ ብትሰጥ ሁለቱን ታስቀይማለች፤ ለማንም ሳትሰጥ ብትሄድ ደግሞ ሦስቱንም።

እስቲ ፍረዱ፦ ፒያኖው የሚገባው ለመረጠው ነው፣ ሞተሩን ለሸጠው፣ ወይስ በሐዘናቸው መሀል ከእድሩ ሰዎች ላስጣሉላት?